ያልታየው ሰነድና ወሬው

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ፊርማው በቴሌቪዥን ታየ፤ ሰነዱ ግን አልታየም። 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት ተባለ። በምላሹ እውቅና እናገኛለን አለች ሐርጌሳ፤ ጉዳዩን በጥልቀት መርምረን አቋም እንይዛለን አለች አዲስ አበባ። ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ እንደሚሰጥም ተነገረ፤ ስንት እንደሆነ አልተነገረም።

ክፍተቱን የሐርጌሳ በርጫ ሞላው። ከቀትር በኋላ፣ ከኢትዮጵያ የገባው ጫት ታድሎ ሻዩ ሲቀዳ፣ የባሕር ዳርቻው ሉግሃያ ነው የሚለውና የለም በርበራ አጠገብ ነው የሚለው አንድ ምንጣፍ ላይ ይሟገታሉ። አሉባልታ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ያልተጣራ ወሬ ሲወራ ነውሩ የማን ነው? የተናጋሪው ወይስ ማጣሪያውን ቆልፎ የያዘው?

ሐርጌሳ ይህን ጥያቄ ቀድሞም ታውቀዋለች። መጋቢት 1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳቱን ሊያቆም ተስማሙ። በኢትዮጵያ የነበረውን መጠጊያ ሊያጣ የተቃረበው የባሬ ተቃዋሚ፣ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ በግንቦት ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ፤ የባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከከተማዋ አየር ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ከተማ ደበደቡ። ድንበር ተሻግረው ሀርቲሼክ የሰፈሩ ስደተኞች ያዩትን ቢናገሩም፣ ለሌላው ዓለም ገና ያልተረጋገጠ ወሬ ነበር። አማካሪው ሮበርት ጌርሶኒ ስደተኞችን አነጋግሮ፣ ቢያንስ 5,000 ያልታጠቁ ሰዎች መገደላቸውን ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጻፈው በ1981 ማብቂያ ነው። ከዓመት በላይ እውነቱ ማኅተም አልነበረውም።

እንግዲህ ወሬን ከነቀፋ ማውጣት ቀላል ይመስላል። አንድ ተቃውሞ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፦ በሩ ተቆልፏልና እናውራ ከተባለ፣ ስም አጥፊውስ ይህንኑ ቢል ምን ይመለስለታል?

በ1999 ዓ.ም. የሶማሌላንዱ ሐቱፍ ጋዜጣ ሰዎች የያኔውን የፕሬዚዳንት ዳሂር ሪያሌ ካሂንን ቤተሰብ በሙስና የሚያነሣ ዘገባ አትመው ታሰሩ፤ ተፈረደባቸው፤ በዚያው ዓመት በምሕረት ወጡ። ሶማሌላንድ የራሷ የፕሬስ ሕግ እያላት የተከሰሱት በድሮው የሶማሊያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። ያ ሕግ ሐሰተኛውን፣ የተጋነነውንና ያዘነበለውን ወሬ አንድ አንቀጽ ውስጥ ጠቅልሎ ይቀጣል። ያዘነበለ ወሬ እውነት ሊሆን እንደሚችል የረሳ፣ ወይም ያልረሳ፣ አንቀጽ ነው።

ለጋዜጠኞቹ ማዘን አይከብድም። ሆኖም የተወራበት ሰውም አለ። መንግሥት ሰነዱን ቢያወጣ ወሬው በአንድ ቀን ይሞታል፤ ግለሰብ ግን አለመስረቁን የሚመሰክር ወረቀት ከየት ያመጣል? የቆለፈው ነገር ከሌለ ክፈት ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ለወሬ የሚቆመው ክርክር መጥበብ አለበት፦ ቢሮ ስለያዘው ወረቀት ይሠራል፣ ስለ ጎረቤት ጓዳ አይሠራም። ሹመኛው ጓዳውን ከቢሮው ያገናኘ እንደሆነ ደግሞ ክርክሩ እንደገና ይጀመራል።

የሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ ሔር፣ ለተነካ ክብር ካሳ ይቆርጣል፤ ካሳው የተናጋሪውን ዘመዶችም ይይዛል። ለዚያ ግን አፉ መታወቅ አለበት። የሐቱፍ ሰዎች አፋቸው የታወቀ ነበር፤ ታሰሩ። ያንኑ ነገር በርጫ ላይ «ይባላል» ብሎ የሚያወራ ማታ ቤቱ ይገባል። የሕጉ ጅራፍ ያረፈው ለቃሉ በቆመው ላይ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ የሀርቲሼክ ስደተኞች ለበርጫው ወሬ ዋስ አይሆኑም። እነሱ አይተዋል፤ የጎደላቸው ሰሚ ነው። ስለ ሉግሃያ የሚሟገተው ሰው ምንም አላየም። ያልተረጋገጠ ምስክርነትና ምስክር የሌለው ወሬ ለየቅል ናቸው፤ አንድ ስም የሰጣቸው የሰሚው ስንፍና ነው።

ልዩነቱ ግን እስከ የት ይዘልቃል? ሰነዱ በተፈረመ በሳምንቱ የሶማሌላንድ የመከላከያ ሚኒስትር አብዲቃኒ ሞሐሙድ አቴዬ ስምምነቱን ተቃውመው ሥልጣን ለቀቁ። ሚኒስትር በስሙ ወጥቶ መናገር ይችላል። ወረቀቱን የተየበው ጸሐፊ አይችልም፤ ቢናገርም ስሙን አፍኖ ነው። የእሱ ቃል ምስክርነት ነው፤ ሦስተኛው ጆሮ ሲደርስ ግን ምንም ካላየው ሰው ግምት ጋር አንድ ድምፅ አለው፤ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሰው የትኛው እንደደረሰው የሚለይበት መንገድ የለውም።