ስሙን ሰውሮ ስለሚጽፍ ሰው

አባቶቻችን፥ ካፍ ከወጣ አፋፍ፥ ይሉ ነበር። በእነርሱ ዘመን ክፉ ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣች ተመልሳ አትያዝም ነበር፤ ዳሩ ግን የሰማት ሰው ሲረሳ ወይም ሲሞት እርስዋም አብራው ትሞት ነበር። በእኛ ዘመን ቃል በእጅ ስልክ ተጽፎ ይወጣል፤ ከአፋፉም አይወድቅም፥ በዚያው ቆሞ ይቀራል እንጂ፤ የሚያልፈውም ሁሉ ያየዋል። ዛሬ ልነግራችሁ የምወደው ስለዚህ ነገር፥ ይልቁንም ስሙን ሰውሮ በባልንጀራው ላይ ስለሚጽፍ ሰው ነው። የምነግራችሁም ከሩቅ ያየሁትን ብቻ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁና።

በመጀመሪያ በመጽሐፈ ነገሥት ያለውን የናቡቴን ነገር አስቡ። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ባለው ጊዜ ንጉሡ ተቆጥቶ በአልጋው ላይ ተኛ፥ ምግብም እንቢ አለ። ሚስቱ ኤልዛቤል ግን ደብዳቤ ጻፈች። በራስዋ ስም አልጻፈችም፤ በባልዋ ስም ጽፋ በባልዋ ማኅተም አተመችው እንጂ። የሐሰት ምስክሮች ተነሡ፤ ናቡቴም ከከተማ ውጭ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። እስኪ ተመልከቱ፤ ድንጋዩን የወረወሩት ሰዎች ኤልዛቤልን አላዩአትም፤ እርስዋም የናቡቴን ደም አላየችም። በእጅዋ የነበረው ብርዕ እንጂ ድንጋይ አልነበረም። በተሰወረ ስም መጻፍ ለጸሐፊው የሚሰጠው ነገር ይህ ነው፤ የሚመታውን ሰው ፊት ሳያይ ይመታል። ፊት ለፊት ቆመን ቢሆን ኖሮ የሰውየው ዓይን፥ የድምፁም መንቀጥቀጥ፥ አጠገቡ የቆመው ልጁም እጃችንን ይይዙብን ነበር። ነገር ግን ኤልያስ በዚያው በወይኑ ቦታ ንጉሡን ባገኘው ጊዜ የእግዚአብሔር ፍርድ በአክዓብ ላይ ብቻ አልተነገረም። ማኅተሙ የባልዋ ነበረ፤ ፍርዱ ግን ኤልዛቤልን በስምዋ ጠራት።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ቢኖር በባሕር ዳር የሆነውን ያስብ። በ2014 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፥ የሰሜኑ ጦርነት ገና ሳይበርድ፥ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ በነበሩ በአንድ የትግራይ ተወላጅ ፕሮፌሰር ላይ በፌስቡክ ክስ ተጻፈባቸው። ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ወጣ፤ ክሱን ያወጣው ገጽ ግን የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ገጽ የሚመስል ስም ነበረው። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጅ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ክሱን ለመስማት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። የኩባንያውን ነገር ለዳኞች እንተወው። እኔ ሌሊት ስነቃ የማስበው ጽሑፉን አንብበው፥ ይህ ነገር እውነት ይሆንን? ሳይሉ ለሌላ ያሳለፉትን ሰዎች ነው። የኢይዝራኤል ሽማግሌዎችም ደብዳቤ አልጻፉም ነበር፤ የተጻፈላቸውን ተቀብለው እንደ ተባሉት አደረጉ እንጂ።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጫ ያስቀጣል፤ ከንግግሩም የተነሣ በሰው ላይ ጥቃት ቢደርስ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ስሜን ሰውሬአለሁ ብሎ የሚመካም ሰው የስልኩ ቁጥር በመታወቂያው የተመዘገበ መሆኑን ረስቶአል። ቴሌግራምም በመስከረም 2017 ሕግ በሚተላለፉ ሰዎች ላይ በሕግ በተጠየቀ ጊዜ የስልክ ቁጥራቸውን ለመንግሥታት እንደሚሰጥ አስታውቆአል። ይህን የምጽፈው ወኅኒ ቤትን ፈርታችሁ ብቻ እንድትታረሙ አይደለም፤ ፍርሃት የሚያርመው እስከ ማታ ድረስ ነውና።

ስሙን የሚሰውር ሁሉ ክፉ ነው ደግሞ አልልም። በኃያል የተገፋ፥ ቢናገር እንጀራው ወይም ሕይወቱ የምትጠፋበት ሰው ስሙን ቢሰውር ማን ይፈርድበታል? እርሱ የሚሰወረው ለመዳን ነው። እኔ የተሰወርሁት ግን ለመምታት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ የነበሩ ሽማግሌ በስብሰባ መካከል፥ በሰው ፊት፥ ስለ ስንፍናዬ ገሠጹኝ። ተግሣጹ እውነት ነበረ፤ ስለዚህም ይበልጥ አቃጠለኝ። በዚያው ሌሊት በቴሌግራም ስሜ ያልሆነ ስም አወጣሁ፤ «እውነት» ብዬም ሰየምሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ከዚያም የማኅበራችን ሰዎች ሁሉ በሚያነቡበት ግሩፕ፥ ለሕንጻው የተሰበሰበው ገንዘብ ወዴት ደረሰ? ገንዘብ ያዡ ቤታቸውን በምን አደሱ? ብዬ ጻፍሁ። ሐሰት አልተናገርሁም፥ ጠየቅሁ እንጂ፥ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰንባላጥም ለነህምያ ክፍት ደብዳቤ በላከ ጊዜ በራሱ ቃል አልከሰሰውም፤ በሕዝብ መካከል የተወራውን የሚያስተላልፍ መስሎ ጻፈ እንጂ። ነህምያስ ምን አደረገ? ይህ ነገር ከልብህ የፈጠርኸው ነው ብሎ ባጭሩ መልሶ ወደ ቅጥሩ ሥራ ተመለሰ። በስልክ የተሰደባችሁ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ አንድ መልስ በቂ ነው።

በሳምንቱ ሒሳቡ ተመረመረ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። እኔም ጽሑፌን ፋቅሁት፥ ያንንም ስም አጠፋሁት፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ንጉሡ ኢዮአቄምም የኤርምያስን ጽሑፍ በካራ እየቀደደ በምድጃው እሳት ሲጥል ያለቀ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ሁለተኛ ተጻፈ፥ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ያ የእግዚአብሔር ቃል ነበረና በእሳት አልጠፋም። ሐሰትም እንዲሁ የማትጠፋበት ዘመን መምጣቱ ግን ምንኛ ያስፈራል! እኔ ከመፋቄ በፊት ሌላው በስልኩ ፎቶ አንሥቶት፥ ለሌላም አሳልፎት ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። ለሽማግሌው ልጅ ጋብቻ ሽማግሌ ተላከ። ከተላኩትም አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያንን ፎቶ አሳየ፤ ነገሩም ይጣራ ተብሎ ጋብቻው ወደ ኋላ ተባለ። ወሬው በደረሰኝ ቀን ምሳዬን መብላት አልቻልሁም። ማታ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ልጅቱ ቡና ታፈላ ነበር፤ ፊትዋን ማየት አልቻልሁም።

«ያንን ነገር የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አውቃለሁ፥ ልጄ» አሉ። «የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ ስንት ዓመት ጻፍህ? ያንተን አጻጻፍ ያላወቅሁ የማንን ላውቅ ነው?»

በየእሑዱ እጄን ጨብጠው ሰላም ይሉኝ እንደ ነበር በዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ስለ ምን ዝም አሉኝ?» አልኋቸው።

«በራስህ አፍ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። አሁንም በጻፍህበት ስፍራ፥ በስምህ ጻፈው» አሉኝ፤ ልጅቱንም ቡና ቅጂለት አሏት።

በዚያው ሌሊት ጻፍሁ። ጋብቻውም ከብዙ ምልልስ በኋላ ሆነ። ነገር ግን የይቅርታ ጽሑፌን ማንም ፎቶ አላነሣውም፤ የፊተኛው እስከ ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ያንኑ ፎቶ ልኮልኝ፥ ጌታዬ፥ ይህ እውነት ነውን? ብሎ ጠየቀኝ። ሐሰት ነው፤ የጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ ብዬ መለስሁለት፥ ስሜንም ከነአባቴ ስም ከታች ጻፍሁ።