እጅ የሌለበት የእጅ ጽሑፍ

የእጅ ጽሑፍ መልክ ያለው ፎንት ሰው በብዕር ወይም በብሩሽ የጻፈው እንዲመስል ታስቦ ለኮምፒውተር የተዘጋጀ ፊደል ነው። በቡና ከረጢት፣ በሳሙና መጠቅለያ፣ በሸክላ ስኒ፣ በሠርግ መጥሪያ ላይ ይታያል። ገዢው ቃሉን ሲያነብ «ሰው በእጁ ደክሞበታል» የሚል ያልተጻፈ ነገርም አብሮ ያነባል። ዕቃውን የሠራው ማሽን ከሆነስ? ፎንቱ በቃል የዋሸው ነገር የለም፤ ሆኖም ገዢው የተታለለ ያህል ሊሰማው ይችላል። በቃል ያልተነገረ ነገር ውሸት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ እዚህ በአንድ ስኒ ላይ ይነሣል።

መምሰሉን ብቻ ይዞ መፍረድ አያስኬድም፤ የኅትመት ፊደል ሲወለድም የእጅ ጽሑፍን መስሎ ነውና። ዮሐንስ ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1455 ገደማ በማይንዝ ያተመው መጽሐፍ ቅዱስ የዘመኑን የጸሐፍት እጅ ይከተላል። አንዱን ፊደል በተለያየ ስፋት እያስቀረጸ፣ ተጣማሪ ፊደላትንም እየጨመረ የቅርጾቹን ብዛት ወደ 290 አድርሶታል። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲሆን፣ የፊደሉ አርአያም የብራና ጽሕፈት ነው። ዛሬ ጋዜጣ ላይ የሚታየው የፊደል ወፍራምና ቀጭን ጭረት የመቃ ብዕር ውርስ ነው። ማሽን የእጅን መልክ መዋስ የለበትም የሚል ሰው ጋዜጣውንም ማጠፍ ሊኖርበት ነው።

ልዩነቱ ያለው ፊደሉ በሚሰጠው ተስፋ ላይ ነው። የመጽሐፍ ፊደል ከመነበብ ሌላ ሥራ የለውም። የእጅ መልክ ያለው ፎንት ግን ስለ ሠሪው አንድ ነገር ይጠቁማል። ፈረንሳዊው ሮዤ ኤክስኮፎን እ.ኤ.አ. በ1953 ሚስትራል የተባለውን ፎንት ሲያወጣ መነሻው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ የላቲን ፊደላቱም እርስ በርስ ይያያዛሉ። እንዲህም ሆኖ መደጋገም ያጋልጠዋል። ሰው «አዲስ አበባ» ብሎ ሲጽፍ ሁለቱ «አ» በትክክል አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ በፎንት ግን ቁርጥ አንድ ናቸው። ይህን ለመሸፈን ዘመናዊ ፎንቶች ለአንድ ፊደል ብዙ ቅርጽ ይይዙና እንደ አጠገቡ ፊደል ይለዋውጡታል። እስከዚህ ድረስ የተኮረጀው መልክ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን መንቀጥቀጥና መቸኮል፣ ማለትም የጸሐፊው ሰዓት ራሱ ይኮረጃል። ነገሩ ወደ ማታለል የሚጠጋው በዚህ ቦታ ነው።

የግእዝ ፊደል ለዚህ ብልሃት ቶሎ አይገዛም። ፊደላቱ ለየብቻቸው ስለሚቆሙ መያያዝ የሚባለው የላቲን ማስመሰያ አይሠራላቸውም። የተከበረው እጅም ቁም ጽሕፈት ነው፤ ውበቱ ከችኮላ ሳይሆን ከልክ ይመጣል። በጽሕፈት ሊቁ በይገዙ ብስራት ስም የተጠሩ ፎንቶች መኖራቸው ለዚህ ይመስላል፤ የሚፈለገው የማንም ሰው እጅ ሳይሆን የተማረ እጅ ነው።

ሃይማኖቶች ጉዳዩን ከዲዛይነሮች ቀድመው አስበውበታል። በአይሁድ ሕግ በበር መቃን ላይ የሚሰቀለው መዙዛ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ጸሐፊ በብራና ላይ አስቦ በእጁ የጻፈው መሆን አለበት፤ የታተመ ከሆነ፣ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይሠራም። ማኅደሩ ግን ከፕላስቲክም ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ላይ የትኛውም ፎንት ቢታተም የሚጠይቅ የለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በታተመ መጽሐፍ ትጸልያለች፤ ያም ሆኖ ቆዳ መፋቁ፣ በወስፌ መሥመር ማስመሩ፣ የአምላክንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ቀለም መጻፉ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኖ ኖሯል። ጸሐፊው በመጽሐፉ መጨረሻ ለራሱና ላስጻፈው ሰው ጸሎት የሚለምነውም ስለዚህ ነው። የክታብ ሥርዓት ከዚህም የጠበቀ ነው፦ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካል፣ የክርስትና ስሙም በጸሎቱ መካከል ይገባል። በፎንት ታትሞ ለሁሉ የሚሸጥ ክታብ ቁመቱ የማን ይባላል?

በሁለቱም ሃይማኖቶች ዘንድ የተከበረው ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ሥራ የተሰጠ ድካም ነው፤ የፊደሉ መልክ ተከትሎት የሚመጣ ነው። በዚህ መለኪያ ሸክላ ሠሪዋ በእጇ ለሠራችው ጀበና የታተመ መለያ ብትለጥፍ፣ በእጅ መልክ ፎንትም ቢሆን፣ ተስፋው እውነት ስለሆነ ነቀፋ የለባትም። በአንጻሩ ሌዘር እያከታተለ ሺህ እንጨት ላይ የሚያቃጥለው «በፍቅር የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ሠሪ የሌለው የሠሪ ቃል ነው። መካከለኛውና አስቸጋሪው ጉዳይ የራሷን ጽሑፍ ፎንት ያስደረገች ባለሙያ ናት። እጁ የእሷ ነው፤ ሰዓቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የጠፋ ነው። እንዲህ ያለችው ባለሙያ ስሟን በፎንት አትማ፣ ቀኑን ሸክላው ሳይደርቅ ከሥሩ በእሾህ ብትጭረው፣ ገዢው ስኒውን ገልብጦ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ይችላል።