ደንን መሣልና ደንን መጠበቅ

እግዚአብሔር አምላክ አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት አዘዘው እንጂ ውበቷን እያየ ብቻ እንዲቀመጥ አልተወውም። በከፋ ምድር ቢታ ገነት የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟን በሰማን ቍጥር ይህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ይታወሰናል። የከፋ ደን ቡና በዱር የበቀለበት፥ ዝግባና ቀረሮ የቆሙበት፥ ኮረሪማና ጥምዝ የሚለቀምበት፥ በዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ማር የሚቈረጥበት ነው። ይሁን እንጂ ለእርሻ፥ ለሰፈራ፥ ለቡናና ለሻይ ተክል፥ ለጣውላና ለማገዶ ሲባል ከዘመን ወደ ዘመን እየጠበበ ሄዷል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ሥፍራነት መዝግቦታል፤ መመዝገቡ ግን ብቻውን ዛፍን ከመጥረቢያ አያድንም።

እንግዲህ ሠዓሊ እንዲህ ያለውን ተለዋዋጭ አገር በሸራ ላይ ቢሥለው ሥራው ምን ይጠቅማል? በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ምድርና ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የቅዱሳኑን ታሪክ ያጅቡ ነበር እንጂ ለብቻቸው አይሣሉም ነበር። መልክዐ ምድርን ለብቻው መሣል የተስፋፋው በኋላ ዘመን፥ ይልቁንም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ ነው። ፍጥረት የፈጣሪዋን ጥበብ ትናገራለችና በዚህ ነቀፋ አናገኝበትም። ነገር ግን ሁለት ፈተናዎች አሉበት።

አንደኛው ሐሰት ነው። ሠዓሊው ለምለሙን ብቻ መርጦ ጉቶውንና የተቃጠለውን መሬት ቢተው፥ ተመልካቹ ደኑ በደኅና አለ ብሎ ይዘናጋል። የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ስቅለትን ሲሥሉ ሰቃልያኑን አላስቀሩም፤ በአንድ ዐይን፥ በጎን ገጽ እየሣሉ በቦታቸው አቆሟቸው እንጂ። ሆኖም ጉቶውን የሣለ ሁሉ ገበሬውን ብቻ አይክሰስ፤ እርሱ ልጆቹን ሊመግብ ይቈርጣል፤ ጣውላውን የምንገዛው እኛም የነገሩ ተካፋዮች ነን።

ሁለተኛው ፈተና ከንቱ መጽናናት ነው። ሥዕሉን ከግድግዳ ላይ ሰቅለን «መልኩስ ቀርቶልናል» እንላለን። የተሣለ ዛፍ ግን ጥላ አይሆንም፤ ንብ አይቀስመውም፤ ምንጭም ከሥሩ አይፈልቅም። እንዲህ ማድረግ የታማሚው ነፍስ ሳትወጣ መድኃኒት መፈለግን ትቶ መግነዝ እንደ መግዛት ነው።

ታዲያ ሠዓሊው ብሩሹን ይጣልን? አይደለም። ሰው ዕለት ዕለት የሚያየው ነገር ጥቂት በጥቂት ሲለወጥ አያስተውለውም፤ አንዱ ኮረብታ በየዐሥር ዓመቱ ቢሣል ግን ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ቆመው ይመሰክሩብናል። የቅዱሳንን ሥዕል የምናየው ተጋድሏቸውን አስበን በምግባር እንድንመስላቸው ነው። የደንን ሥዕል በክብር ከቅዱስ ሥዕል ጋር አናስተካክለውም፤ ነገር ግን ማየት ወደ ምግባር ማድረስ እንዳለበት ከዚያ እንማራለን።

በጎጃምና በጎንደር አባቶቻችን በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለውን ደን በሸራ አልሣሉትም፤ ጠበቁት እንጂ። ዙሪያው ሁሉ ገላጣ እርሻ በሆነበት ሥፍራ እነዚያ ዛፎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ስለዚህ ካህኑ በአጥቢያው፥ ምእመኑም በማሳው ዳር አገር በቀሉን ዛፍ ይትከል፤ የቆመውንም ይጠብቅ። ያን ጊዜ የሠዓሊው ሥራ የሙት መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ የሕያው ምስክር ይሆናል። ያየነውን እንድንጠብቅ የገነት ባለቤት እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።