የመስጂዳችን በር በዙህርና በዐስር መካከል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ባለፈው ወር ለዘመድ ጥየቃ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ወርጄ ነበር። የቡና እናት ዛፍ ያለችው ማንኪራ ነው ብለው ከፋዎች ያምናሉ። በጅማ በኩል ያሉት የጮጬ ሰዎች ደግሞ በዚህ አይስማሙም፤ ክርክሩን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ባረፍኩበት ቤት ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ተጠራ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሽማግሌውም ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅም መጥቶ ተቀመጠ። አቦሉ ሳያልቅ የታመመ ሰው ተጠየቀ፤ ትምህርት ያቋረጠ አንድ ጎረምሳ ጉዳይ ተነሳና አጎቱ እዚያው ተመከረ፤ ከባሏ የተጣላች ሴት ደግሞ ሁለት እናቶች ይዘዋት ወደ ጓሮ ወጡ። ይህን ሁሉ የሠራው ስብሰባ ሊቀመንበርም ቃለ ጉባኤም የለውም። በሩ ግን ክፍት ነበር።

ያን ጊዜ የሰፈራችን መስጂድ ትዝ አለኝና አፈርኩ። መስጂዳችን ሶላት ከተሰገደ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። ጫማና ምንጣፍ ስለጠፋ በኮሚቴ የተወሰነ ነው፤ እኔም አባል ነኝና እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ታናናሾቹ ያስቸግሩታል። «ሶላት አልቋል፣ ውጣ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ልጅ የኳስ ውርርድ ቤት በራፍ ላይ አየሁት። እኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ልጆቻችን በፈረቃ ስለሚማሩ ግማሽ ቀናቸው ባዶ ነው። ጫት ቤቱም ውርርድ ቤቱም «ውጣ» አይላቸውም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ እንዲህ ነበርን? በመዲና ቤት ንብረት የሌላቸው ሙሃጂሮች በመስጂዱ ጀርባ በዘንባባ ዝንጣፊ በተከደነ ጥላ ሥር ይኖሩ ነበር። ስሙ ሱፍፋ ነው። እዚያ ያድራሉ፣ ይማራሉ፣ ምግብ ሲመጣ ይካፈላሉ። ከማንም የበለጠ ሐዲስ ያስተላለፉልን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከነዚያ ድሆች አንዱ ናቸው። ቦታው በዙህርና በዐስር መካከል ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሐዲስ ባጣነው!

የትዳርም ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ወደ ልጃቸው ፋጢማ ቤት ሄደው ዐሊይን (ረ.ዐ.) አጧቸው። በመካከላቸው ቅሬታ ተፈጥሮ ወጥተው ነበር። የተገኙት መስጂድ ውስጥ ተኝተው፣ ጎናቸው አፈር ለብሶ ነው። አማቻቸው በቁጣ አልተናገሯቸውም፤ አፈሩን እያራገፉ በቀልድ «አቡ ቱራብ» ብለው አስነሷቸው። ዐሊይም ከስሞቻቸው ሁሉ ይህን ይወዱት ነበር። ዛሬ በሰፈራችን ከሚስቱ የተጣላ ወጣት ተናዶ ሲወጣ የት ሄዶ ይተኛል? እኔ የማውቃቸው የሚሄዱበትን ብጽፈው ጋዜጣው አያወጣውም።

አንዳንድ ወንድሞች «መስጂድ የዒባዳ ቤት እንጂ የወጣት ማዕከል አይደለም፤ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ይጮኻሉ» ይላሉ። አደቡ መጠበቅ አለበት፤ መስጂድ ውስጥ መሸጥና መግዛትን የከለከሉት ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። ነገር ግን በዒድ ቀን ሐበሾች በዚያው መስጂድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ዑመር (ረ.ዐ.) ሊያስቆሟቸው ፈልገው ነቢዩ እንዲተዋቸው አዘዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ከነቢዩ ኋላ ሆነው እስኪሰለቻቸው ድረስ ተመልክተዋል። የተጫወቱት እኮ የኛው አገር ሰዎች ናቸው!

መሰብሰብን መፍራት አዲስ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ሌሊቱን ለዚክር ነቅተው ለማደር ቡና ይጠጡ ነበር። ልማዱ መካ ከደረሰ በኋላ በ917 ዓመተ ሂጅራ (1511 እ.ኤ.አ.) ሹሙ ኻኢር ቤግ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው ሲጠጡ አየና ዓሊሞችን ጠርቶ ቡናን አስከለከለ። ከክልከላው በስተጀርባ ከፍሬው ይልቅ ስብስቡን መፍራት ነበር ብዬ አምናለሁ። ትእዛዙም ብዙ አልቆየም፤ የካይሮው ሱልጣን አላላው። የኛ ኮሚቴም ስርቆትን ምክንያት ያድርግ እንጂ ልቡ ውስጥ ያለው ይኸው ፍርሃት ይመስለኛል።

ስለዚህ ለጀመዓችን የማቀርበው ትልቅ ሕንፃ፣ ትልቅ መዋጮ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የመድረሳው ክፍል ከዙህር እስከ መግሪብ ለተማሪዎች ይከፈት። ለክረምት የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኑ። ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሌላቸውን ነቢዩ የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት በማስተማር ነፃ እንዲወጡ አድርገው የለ? ከሙሽሪክ ለልጆቻችን ፊደል ከተወሰደ ከገዛ ልጃችን አልጀብራ ብንወስድ ምን ነውር አለው? በሳምንት አንድ ከሰዓት ለእናቶች ይሁን፤ ቡናም ይፈላ። የባልና የሚስት ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይቀመጥበት፤ ይህ የቁርኣን ትእዛዝ ነው። ምንጣፉን በተመለከተ፣ ዘበኛው በተራ ይቀመጥ፤ ለመጀመሪያው ወር ተራውን እኔ እወስዳለሁ።

ኮሚቴው የፊታችን እሁድ ከዐስር በኋላ ይሰበሰባል። ሐሳቡን የምትደግፉም የምትቃወሙም ኑ። ከዚያ በፊት ያንን ልጅ ቤቱ ሄጄ ዐፍው ልጠይቀው ነው፤ አባቱንም ጭምር።

ወላሁ አዕለም።