የአንድ ቀን እንግዳ አማና

 

ስለ ባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናወራው ስለ አለባበስና ዓይንን ስለ መስበር ነው። ተገቢም ነው፤ ብዙ ተብሎበታል፣ ገናም ይባልበታል። ዛሬ ግን ስለ ዓይን ሳይሆን ስለ እጅና ስለ እግር እናስብ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ዳግመኛ በማትመለስበት ቦታ፣ ስምህን በማያውቁ ሰዎች መሀል፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ እንግዳ ስትሆን ለዚያ ቦታ ምን ዕዳ አለብህ? (አንተ ስል፣ እህቴ አንቺንም ማለቴ ነው።)

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ እውነተኛ ቦታ እንያዝ። ሴንት ክሮይ በካሪቢያን ባሕር ከሚገኙት የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች አንዷ ናት። የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች እዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን መንገዱ ቀላል ነው። ሌሎቻችን ደግሞ እንደ እሷ ያሉትን ደሴቶች በስልካችን እናያለን፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ፈገግ ያለ ጓደኛ። በሴንት ክሮይ ጠዋት ክርስቲያንስቴድ ከምትባለው ከተማ በጀልባ ተነስተህ አንድ ሰዓት ገደማ ስትጓዝ ባክ አይላንድ ትደርሳለህ። ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ደሴቷንና በዙሪያዋ ያለውን የኮራል ሪፍ በአዋጅ ጥብቅ ስፍራ አደረጉ። በ2001 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ክልሉን አሰፉት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ ዓሣ ማጥመድም ሆነ ዛጎል ለቅሞ መሄድ ክልክል ነው። በደሴቷ ላይ ማደርም አይቻልም።

ጀልባው ከሪፉ ጀርባ ባለው ጸጥተኛ ውሃ ላይ ይቆማል። የውሃ መነጽር ታጠልቃለህ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን በአፍህ ትይዛለህ፣ እግርህ ላይ የዋና ፕላስቲኩን ታስራለህ፣ ከዚያ በሆድህ ተንሳፈህ ወደ ታች ታያለህ። ከባሕሩ ወለል ላይ መንገድ የሚጠቁሙ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ዓሦቹ በቡድን በቡድን ያልፋሉ። ምላስህ ባይናገርም ልብህ ሱብሐነላህ ይላል። በኋላም ወደ ደሴቷ ምዕራባዊ ዳርቻ ትሄዳለህ፤ በአሸዋው ላይ ትቀመጣለህ፣ ምሳህን ትበላለህ፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለህ። ሐላል ደስታ ነው። አላህ ምድሪቱን ለመስጂድና ለሥራ ብቻ አልፈጠራትም። ዞሮ ማየት፣ መደነቅ፣ ማመስገንም አለ።

አሁን ከሥርህ ያለውን ነገር ልብ ብለህ እየው። ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ሕይወት ያለው ነው። ኮራል የሚሠሩት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ከባሕር ውሃ ካልሲየም እየወሰዱ ኖራ መሰል ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነሱ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ ለውጠው ቤት የሰጣቸውን እንስሳ ይመግባሉ። ቅርንጫፉ የአጋዘን ቀንድ የሚመስለው ኮራል በዓመት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከኮራሎች መካከል ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው። ክብ ሆኖ አንጎል የሚመስለው ዓይነት ግን በዓመት የሚጨምረው ሚሊ ሜትሮችን ነው። የኳስ ያህል ትልቅ የሆነ አንጎል ኮራል ካየህ በዕድሜ ሊበልጥህ ይችላል።

ባለውለታህም ነው። ውሃው ለምን ጸጥ እንዳለልህ ጠይቀሃል? ከውቅያኖስ የሚመጣውን ማዕበል ሪፉ በጀርባው ተቀብሎ ስለሰበረልህ ነው። አሸዋውስ ለምን ነጭ ሆነ? ብዙው ክፍል የኮራል፣ የዛጎልና የኖራ አልጌ ስባሪ ነው። አፉ የበቀቀን ምንቃር የሚመስለው ዓሣ አልጌ ፍለጋ ኮራሉን እየፋቀ ይበላል፣ የፈጨውን አሸዋ አድርጎ ይጥላል። የዋኘህበትን ጸጥታም ሆነ የተቀመጥክበትን ምንጣፍ ያዘጋጀልህ ይኸው ሪፍ ነው። አንተ እንግዳ ነህ፣ እሱ አስተናጋጅ።

እንግዳ ወግ አለው። ወጉን የሚያፈርሱ ሦስት ሰበቦች ግን በእያንዳንዳችን አፍ ላይ ዝግጁ ናቸው።

የመጀመሪያው «አንዴ ብነካው ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። መነጽርህ ውሃ ሲያስገባ ለማስተካከል ኮራሉ ላይ መቆም ያምርሃል። አንዴ መቆም ነው፣ ለአሥር ሰከንድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አበው። ይህን የምንለው ስለ መረዳዳት ነው፤ ለጥፋትም ግን ይሠራል። ሃምሳ ጎብኚ እያንዳንዱ አንዳንድ ሎሚ ቢይዝ ለማንም አይከብደውም። ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን የሚሸከመው ሪፉ ነው። ነገም ሌላ ሃምሳ ሰው ይመጣል። በኮራሉ ላይ ያለው ሕያው ቆዳ ስስ ነው፤ እግር ሲፍቀው ይቆስላል፣ ቁስሉም ለበሽታ በር ይከፍታል። አንተ ያየኸው የራስህን ድርሻ ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ ትንሽ መሰለህ። የጥፋት ትንሽነት ብዙ ጊዜ በጥፋቱ ውስጥ ሳይሆን በእኛ ዓይን ውስጥ ነው። በአላህ ዘንድ የብናኝ ታህል ሥራም እንደምትመዘን የሚያምን ሰው ደግሞ «ትንሽ ናት» በሚለው መልስ ሊረካ አይችልም።

ሁለተኛው «ከፍያለሁ» የሚለው ነው። አዎ ከፍለሃል። የከፈልከው ግን ለጀልባው መቀመጫ፣ ለመነጽሩና ለካፒቴኑ ድካም ነው። ለአንድ ሌሊት ቤት የተከራየ ሰው ግድግዳውን የማፍረስ መብት አልገዛም። የዚያ አካባቢ ሰዎች ደግሞ የገንዘብን ወሰን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አባቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት ተወስደው በዴንማርክ የስኳር እርሻዎች ላይ የተሸጡ ናቸው። በ1848 በጁላይ ወር በሺዎች ሆነው ፍሬድሪክስቴድ በምትባለው ከተማ ተሰብስበው ነፃነታቸውን ጠየቁ፤ አገረ ገዥውም ነፃነታቸውን ለማወጅ ተገደደ። በ1917 ደግሞ ዴንማርክ ደሴቶቹን በ25 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጠች። ስለ ሽያጩ ዴንማርክ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ የደሴቶቹ ነዋሪዎች ድምፅ አልነበራቸውም። እንዲህ ባለ አገር ቆመህ «ከፍያለሁና የፈለግኩትን አደርጋለሁ» ማለት ከባድ ንግግር ነው። ለአንተ የዕረፍት ቀን የሆነው ለካፒቴኑ የሥራ ቀን ነው፤ ለልጆቹ ደግሞ አገር ነው። «ኮራሉን አትንኩ» ብሎ ሲያስጠነቅቅ አቋርጠህ ፎቶ አትነሳ። ስሙን ጠይቀው፣ አመስግነው።

ሦስተኛው በአፍ የማይነገረው ነው፦ «ማን ያየኛል?» ከውሃ በታች ያለው ጸጥታ ልዩ ነው። ከራስህ ትንፋሽ ሌላ የምትሰማው ብዙ ነገር የለም። ጓደኞችህ ራቅ ብለዋል፣ አስጎብኚው ሌላ ሰው እየረዳ ነው። ትንሽ የኮራል ቅርንጫፍ ሰብረህ ለማስታወሻ ኪስህ ብትከት የሚያውቅ ሰው የለም። ወንድሜ፣ ስለ ኢሕሳን ስንማር የምንማረው ስለዚህ ቦታ ነው። መስጂድ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየህ ሥርዓት መያዝ ቀላል ነው። ሰፈርህ ውስጥ ሥርዓት የሚያስይዝህ አላህን መፍራት ይሁን ወይም የእማማ ከድጃን ምላስ መፍራት መለየት ያስቸግራል። ማንም በማያውቅህ ባሕር ውስጥ ግን ይለያል። እዚያ የያዝከው ጠባይ እውነተኛው ጠባይህ ነው። መንገድ የሰውን ማንነት ያወጣል የሚባለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ወጣት ተነስቶ ይጠይቃል፦ «ሪፉን የሚገድለው የእኔ እጅ ሳይሆን የባሕር ሙቀት አይደለም ወይ? የእኔ ጥንቃቄ ምን ለውጥ ያመጣል?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ኮራል ሲሞቀው በውስጡ ያሉትን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። በ2005 የካሪቢያን ባሕር ከመጠን በላይ ሞቆ ነበር። ጥናት በተደረገባቸው የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ሪፎች ላይ በዚያ ሙቀትና ተከትሎ በመጣው በሽታ ከግማሽ በላይ የሆነው የኮራል ሽፋን ጠፍቷል። ባለ አጋዘን ቀንዱ ኮራል ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ለአደጋ ከተጋለጡት ተመዝግቧል። እኛን እዚያ ድረስ ያደረሰን አውሮፕላንም ከሙቀቱ ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለው ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለውም፤ እያንዳንዱ በኒያውና በአቅሙ ሊመዝነው ይገባል።

ከሄድክ ግን «እሱ እንደሆነ ሟች ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣም። በሽተኛ ቤት የገባ ጠያቂ «ለማንኛውም አይተርፍም» ብሎ አልጋው ላይ ዘሎ አይቀመጥም። እንዲያውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የታመመ ነገር ከጤነኛው የበለጠ ርኅራኄ ይገባዋል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ቂያማ ሲቆም ችግኝ በእጁ ስላለ ሰው ያስተማሩንን ታውቃለህ። ፍሬውን ማየት የእኛ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ሥራ በእጃችን ያለውን መወጣት ነው።

በእጃችን ያለው ደግሞ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ የፀሐይ መከላከያ ክሬም። ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክራይሊን የተባሉት ኬሚካሎች ያሉባቸውን ክሬሞች የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ከ2020 ጀምሮ በሕግ ከልክለዋል፤ ለኮራል ጎጂ ናቸው በሚል ነው። በዚንክ ኦክሳይድ የሚሠሩት አማራጭ ናቸው። ከሁሉም የተሻለው ግን ሰውነትን በልብስ መሸፈን ነው። ሪፍ የሚጠብቁ ባለሙያዎች ጎብኚዎችን «እጅጌው ረጅም የዋና ልብስ ልበሱ፣ ክሬም ቀንሱ» ብለው ይመክራሉ። እህቴ፣ በሰው መሀል ተሸፍነሽ ስትዋኚ እንግዳ ከመሰልሽ ይህን አስታውሺ፤ ሪፉ ላይ ትንሽ ክሬም ከሚያፈሱት አንዷ አንቺ ነሽ። መዋኘት የማትችል ካለህም አትፈር፤ ሕይወት አድን ጃኬት ልበስ። ኮራል ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ የደነገጠ ሰው ነው።

ስለ አንድ ሌላ እንግዳም እንንገራችሁ። ባክ አይላንድ አሸዋ ላይ ሐውክስቢል የተባሉ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ይጥላሉ። አንዲት ኤሊ ከእንቁላል ወጥታ ለአቅመ መውለድ ለመድረስ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ያን ሁሉ ዘመን ባሕር ውስጥ ዞራ እንቁላል ልትጥል የምትመለሰው ወደ ተወለደችበት አካባቢ ነው። የጥብቅ ስፍራው ሠራተኞች ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሌሊት ዳርቻውን እየዞሩ ይመዘግቧቸዋል። አንተ ለአንድ ሰዓት የተቀመጥክባት አሸዋ ለእሷ የ20 ዓመት ቀጠሮ ናት። ያስቀመጥከው ላስቲክ ወይም የቆፈርከው ጉድጓድ ይጠብቃታል።

ዙሁር ሲደርስ በዚያው ዳርቻ ልትሰግድ ትችላለህ፤ ቂብላው ወደ ምሥራቅ ነው፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነበለ። ግንባርህ አሸዋው ላይ የተወው ምልክት በሚቀጥለው ማዕበል ይጠፋል፤ ሱጁድህ ግን ተጽፏል። ኮራሉ ላይ ተረማምደህ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ አንተ ትረሳዋለህ፣ ጽሑፉ አይረሳውም። መሬት በላይዋ የተሠራውን ሁሉ የምትናገርበት ቀን እንዳለ እናምናለን። ስለ አንድ ቀን እንግዶቿም ትናገራለች።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ይመስለናል፦ የቆይታህ ማጠር ዕዳህን አያሳጥረውም። አማና የሚለካው በእጅህ በቆየበት ሰዓት ሳይሆን በተረከብክበትና በመለስክበት ሁኔታ ነው። ሰው ለአንድ ደቂቃ «ያዝልኝ» ብሎ የሰጠህ ልጅም አማና ነው። በዱንያ ላይ ያለን ቆይታ ራሱ የመንገደኛ ቆይታ አይደል? ለስድስት ሰዓት ደሴት ላይ እንግዳ መሆንን ያወቀበት ሰው ለስልሳ ዓመት ምድር ላይ እንግዳ መሆንን እየተለማመደ ነው።

አላህ ያየነውን ውበት ሹክር የምናደርግበት፣ የነካነውን ሳናበላሽ የምንመልስ፣ ሰው በሌለበትም አማናን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!

በዛሬው ዕለት በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አንርሳ። መልካም ጁሙዓ!