አፍ ከፍቶ ዕድሜ መቁጠር

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ከብት ተራ ወይፈን የሚገዛ ገበሬ «ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅም በሻጩ መልስ አይረካም። ከንፈሩን ፈልቅቆ የታች ጥርሶቹን ያያል። የወተት ጥርሶቹ ገና አልወለቁ እንደሆነ ወይፈኑ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ተለውጠው እንደሆነ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ስምንቱም ተለውጠው ካለቁ ደግሞ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ደርሷል። ደላላው ቢምል ቢገዘት ገበሬው የሚያምነው ጥርሱን ነው።

ይኸው ገበሬ የሴት ልጁን ዕድሜ ሲጠየቅ ግን ወደ ሚስቱ ይዞራል። እርሷም ዕለቱን አትስትም። ልጅቱ የተወለደችው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ጤፍ ሊታጨድ ሲል ነው። ዓመቱን ስትጠየቅ «በሬያችን ገደል በገባበት ዓመት» ትላለች። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ልደት በወርና በታቦት እንጂ በዓመተ ምሕረት ብዙ ጊዜ አይያዝም። የልደት ምዝገባ በአዋጅ የተደነገገው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሽማግሌ የሚላክባቸው ልጃገረዶች እንግዲህ ከመዝገቡ ቀድመው የተወለዱ ናቸው።

ሕጉ በበኩሉ ቁጥር ይፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ለሁለቱም 18 አደረጉት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜዋ ያገባት ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ ሦስት፣ ካልሞላት እስከ ሰባት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። አንድ ቁጥር ይህን ያህል ይከብዳል። ቁጥሩ በሌለበት ጊዜ ልጅቱ ወደ ሐኪም ቤት ትላካለች፤ እዚያም የእጅ አንጓዋ ራጅ ይነሣል፣ አፏም ተከፍቶ ይታያል።

ለምን አፏ? የሴት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንት 17 ወይም 18 ዓመት ገደማ ሲሆናት ተጋጥሞ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ በሰው አካል ውስጥ ገና እያደጉ ስለ ዕድሜ ሊመሰክሩ የሚችሉ ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንዱ ከጥርስ ሁሉ ኋላ የሚመጣው ሦስተኛው መንጋጋ ነው። ይህ ጥርስ ልጅ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ሲሆነው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፤ አናቱ ከ12 እስከ 16 ባለው ጊዜ ይሞላል፤ ድድ ቀዶ የሚወጣው በአብዛኛው ከ17 እስከ 21 ሲሆን ሥሩ እስከ 25 ድረስ ሊያድግ ይችላል። በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች ከአውሮፓውያን ቀደም ብሎ እንደሚበቅል፣ በአንዳንዱም ሰው 15 ሳይሞላው ብቅ እንደሚል አሳይተዋል። ቦታ አጥቶ ተጋድሞ የሚቀር አለ፤ ጨርሶ የማይበቅልባቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው።

ፈረንጆች ይህን ጥርስ የጥበብ ጥርስ ይሉታል፤ ዓረቦች የአእምሮ ጥርስ። አሪስቶትል በሃያ ዓመት ገደማ እንደሚበቅል ጽፎ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከብዙ ሕመም ጋር የበቀለባቸው ሴቶች መኖራቸውንም ጨምሯል። (ጥበብ በሰማንያ ዓመት በሕመም መምጣቷ ለእኔ ከሃያው ይልቅ የሚታመን ይመስለኛል።) የእኛ አማርኛ ሌላ መንገድ ይዟል። ሰው ሲበስል «ልብ ገዛ» እንላለን፤ በአንድ ሥራ የኖረውንም «ጥርሱን የነቀለበት» እንለዋለን። ሕጋችን ግን ለዐዋቂነት የሰጠው ስም «አካለ መጠን» ነው። የአካል ልክ እንደ ማለት ነው።

በአካል ልክ ሕፃናትን ለመጠበቅ መሞከር እኛ ዘንድ አልተጀመረም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ባወጣችው የፋብሪካ ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ስትከለክል አስተማማኝ የልደት መዝገብ አልነበራትም። ወላጆች ልጁ ደርሷል ይላሉ፤ አሠሪውም ያምናል። ኤድዊን ሳንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1837 ለፓርላማው ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከቁመት ይልቅ ጥርስ ይሻላል ሲል አመለከተ። ያ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ጥርስ ደህና ምስክር ነው። በ18 ዓመት የሚጠየቀው ሦስተኛው መንጋጋ ግን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ወዲህና ወዲያ ይላል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም በሐቅ ሊል የሚችለው «ከ16 እስከ 20» ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ቁጥር ይጠብቃሉ፤ ወረቀቱ ላይም «18» ተብሎ ይጻፍላቸዋል። 16 ለምን አልተባለም? 18ን ከመካከል የመረጠው ሳይንስ አይደለም። ጥርሱ ሥራውን ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ የሚቀረው ምርጫ የሰው ነው፤ ምርጫ እስከሆነ ድረስም ሐኪሙ፣ ዳኛውና አባትየው «ምርመራው አለ» ብለው ሊሸሹበት አይችሉም። እኔ የሚመስለኝ፣ ስሕተቱ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የ18 ዓመት ሙሽራ 16 ተብላ ሠርጓ ሁለት ዓመት ቢዘገይ፣ የተደገሰው ጠላ ይፈሳል፣ ቤተ ዘመድ ይቀየማል። የ16 ዓመቷ 18 ብትባል ግን፣ ዳሌዋ ሳይጠና የምታረግዘው እርሷ ናት፤ ከትምህርት ቤት የምትቀረውም እርሷ ናት። እነዚህ ሁለት ስሕተቶች በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ዳሩ ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ አይደለም። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ 18 መሆን የምትፈልገው ልጅቱ ራሷ የሆነች እንደሆነስ? አንዳንዷ ከማትፈልገው ትዳር የምታመልጠው በዚያው መንገድ ነው፤ ዕድሜዋን ዝቅ ማድረግ እርሷን መጠበቅ ነው ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው እኔን አያሳምነኝም። ደግሞም በሌብነት የተከሰሰ ጎረምሳ አለ። ሕጉ 15 ዓመት ያልሞላውን ለብቻው ያያል። ለሙሽራዋ «ገና ልጅ ናት» ብሎ የተሟገተው ጎረቤት፣ በጉን የሰረቀውን ጎረምሳ ሲያይ «ይኼማ ጢም አብቅሏል» ይላል። ልጁም በተራው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፣ አፉን ይከፍታል።