ወንበሩን ማን ተሸከመለት?

በእኔ ዕድሜ ላለ የሶዶ ልጅ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። በሰማንያዎቹ ዓመታት፣ ጭቃ ግድግዳ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ የህንዱን ዘፈንና የቻይናውን ካራቴ ስናይ በእጃችን የያዝነው አንዳች ነገር አልነበረም። መጠጥ ቢሰጠንም ዐይናችንን ከመስኮቱ ነቅለን ብርጭቆ የምንፈልግ ሰዎች አልነበርንም።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። አዲስ አበባ ከርሞ የተመለሰ አንድ ወዳጄ አለኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ አምስት ስድስት ሆነን ቤቱ እንሰበሰባለን። ደንቡ አንድ ነው፤ ፊልሙ ከአንድ አገር ይመረጣል፣ መጠጡም ለዚያው ፊልም ተብሎ ይቀመማል። ለአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» አረቄ በሎሚና በዝንጅብል ተበርዞ ቀረበልን። የጃፓኑ የሩዝ መጠጥ ሶዶ ላይ ከየት ይምጣ! ለህንዱ ፊልም ደግሞ በሄልና በቀረፋ የፈላ የወተት ሻይ ውስጥ ሮም ጠብ ተደረገበት።

ይህን የሰሙ ዘመዶቼ «ቅንጦት ነው» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። እኛ ያለ ቡና ጨዋታ የማይጥመን ሰዎች፣ ወሬና ስኒ ተለያይተው የማያውቁብን ሰዎች፣ ፊልምና ብርጭቆ ቢገናኙ ምን ይደንቀናል? እንዲያውም መጠጡ ፊልሙን ያስረዳኝ ቀን አለ። በቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (እ.ኤ.አ. 1948) ውስጥ፣ እንጀራው የሆነችው ብስክሌት የተሰረቀችበት አባት ልጁን በንዴት በጥፊ ይመታዋል። ከዚያ ይጸጸትና ምግብ ቤት ያስገባዋል፤ በሌለው አቅሙ ወይን ያዝለታል። ልጁ ማዶ ከተቀመጠው የሀብታም ልጅ ላይ ዐይኑን መንቀል ያቅተዋል። ያን ማታ በእጄ የነበረው ቀይ ወይን ከበደኝ። ይቅርታ በመጠጥ ሲለመን አይቼ ስለነበር የምጠጣውን ነገር ዐወቅሁት።

ተራው የኢትዮጵያ የሆነ ዕለት ግን ነገር መጣ። ወዳጄ የመረጠው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነበር። ፊልሙ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዘመን በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በ1968 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃ ሥራ ነው። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ወንበር አስቀምጦ ይቀመጣል፤ ከታች ደግሞ ገበሬው ከነቤተሰቡ ያርሳል፣ ይሰደባል። ለዚህ የተመረጠው መጠጥ ቦርዴ ሆነ። ያውም እግረ ረጅም የወይን ብርጭቆ ውስጥ፣ ከላዩ ጤና አዳም ተሰክቶበት።

ቦርዴ ወላይታን ለሚያውቅ ሰው እንዲሁ መጠጥ አይደለም። ከበቆሎና ከሌላም እህል የሚዘጋጅ፣ ሳይጠለል ወፍራም እንደሆነ የሚጠጣ፣ ካደረ የሚበላሽ፣ ለስንቱ የቀን ሠራተኛ ምሳው ነው። እኛ እራት በልተን፣ ጠግበን፣ የድሀ ምሳ በብርጭቆ ቀመስን።

ቦርዴውን ያመጡት እማማ ማሰሯቸውን ሊቀበሉ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። «ይግቡ» ተባሉ፤ እንቢ አሉ። ቆመው ጥቂት አዩና ለእኔ በወላይትኛ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ወንበሩን እዚያ ድረስ ማን ተሸከመለት?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ማሰሯቸውን ይዘው ሄዱ። እኔም ብርጭቆዬን አላስቀመጥሁም፤ ጨረስሁት።

ያን ሌሊት አንድ ሌላ የፊልምና የጽዋ ጥምረት ትዝ አለኝ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያነሣበትን ፊልም፣ ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ። በረሃብተኛው መካከል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ እያስገባ ነበር ያሳየው። አንድ ጊዜ የሚሞት ሕፃን፣ አንድ ጊዜ የሚነሣ ጽዋ። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ጥምረቱ እውነት ነበረው፤ ያየ ሁሉ ተቆጣ። ዳሩ ግን ያንን ፊልም የቀጠለው መንግሥት ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ አሥረኛ በዓሉን በታላቅ ድግስ አከበረ። በዚያው ወራት ወሎና ትግራይ ያልቁ ነበር፤ ይህ ለምለም ወላይታችንም ተርቦ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ የሌላውን ጽዋ ከረሃብተኛው አጠገብ አድርጎ ማሳየት ቀላል እንደሆነ ከዚህ ተማርሁ። ከባዱ የገዛ ራስን ጽዋ እዚያው አድርጎ ማየት ነው። መጠጣቱ ኃጢአት ነው አልልም፤ ወዳጄም ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእማማ የጠየቁትን ከፍሏል። ግን ፊልሙ ስለ እሳቸው ሆኖ ሳለ ወንበሩ የእኛ ነበር። የሩቁን ድሀ በፊልም ስናዝንለት፣ የቅርቡ በር ላይ ቆሞ ማሰሮውን ይጠብቃል። የጣሊያኑ ወይን ወደ ሰውየው አስጠጋኝ፤ ቦርዴው ግን በወይን ብርጭቆ ስለተቀዳ ከገዛ ጎረቤቴ አራቀኝ። ልዩነቱ ከመጠጡ አይደለም። ቀጂው ማን እንደሆነ ከማየትና ካለማየት ነው።

በሳምንቱ በምሳ ሰዓት እማማ ቦርዴ ወደሚሸጡበት ሄድሁ። ከቀን ሠራተኞች ጋር አግዳሚ ላይ፣ ልክ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ዘመን ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥሁና በቅል ጠጣሁ። እሳቸውም እየቀዱልኝ፣ «ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉኝ። መሬቱን የተነጠቀና እብድ እየተባለ የሚጠራ ከበበ የሚሉት ሰው እንደገደለው ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

«ወንበሩስ?» አሉኝ።